ምዕራፍ ሰባት፦ ሞተሩ ይጎትታል፤ ማን ያቆመዋል?

ጂንካ ነው፣ ዓርብ ከሰዓት በኋላ። አንድ ብየዳ ቤት ደጃፍ ላይ ነጭ ፒክአፕ ቆማለች። ከኋላዋ ባለ ሁለት ጎማ ተሳቢ ተያይዟል፤ አክስሉ ከአሮጌ መኪና የተነቀለ፣ ስፖንዳው ከላሜራ የተበየደ፣ ቀለሙ ገና በደንብ ያልደረቀ። በላዩ 1,000 ሊትር የሚይዝ ጥቁር ሮቶ እስከ አፉ ውሃ ተሞልቶ ተቀምጧል። ከሮቶው ኋላ አራት ከረጢት ሲሚንቶ ተደርድሯል። ፒክአፗም ባዶ አይደለችም፦ ስድስት ኩንታል በቆሎ፣ አንድ በርሜል ናፍጣ፣ ከፊት ደግሞ ሹፌሩን ጨምሮ ሦስት ሰው። ጉዞው በቀይ አፈር በኩል ወደ ዲመካ አቅጣጫ ነው፤ ግንበኞች ውሃና ሲሚንቶ ይጠብቃሉ።

ሹፌሩ ሃያ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። እኔ ጎማ ላስነፋ ጎሚስታው ጋ ቆሜያለሁ። አላስቻለኝምና ጠጋ አልኩ።

«ይሄን ሁሉ ልትጎትተው ነው?»

«ይጎትታል እንጂ ጋሼ! ትናንት ማታ ሞክሬዋለሁ። ዳገቱን ሳያቃስት ነው የወጣው።»

«መውጣቱንስ ይውጣ። ቁልቁለቱ ላይ ማን ያቆመዋል?»

ወደ ተሳቢው ጎማ ጎንበስ ብሎ አየ። ፍሬን የለውም። አክስሉ ሲነቀል የፍሬኑ ቱቦ እዚያው አሮጌው መኪና ላይ ቀርቷል። ከዚያ በኋላ ባዶ የሲሚንቶ ከረጢት ቀደድንና ጀርባው ላይ ሂሳብ መሥራት ጀመርን። እዚህ የምጽፍልዎ በአብዛኛው ያን ሂሳብ ነው።

መጀመሪያ ግን ወረቀቱ

«የእኔ ተራ መንጃ ፈቃድ ስንት ኪሎ ያስጎትተኛል?» የሚል ጥያቄ በተደጋጋሚ ይቀርብልኛል። በእኛ አገር የንግድ መንጃ ፈቃድና የግል መንጃ ፈቃድ የሚባል ክፍፍል የለም፤ ያለው ምድብ ነው። ዕድሜ የጠገቡ ሹፌሮች ዛሬም «አምስተኛ አለኝ» ሲሉ ይሰማሉ። በድሮው አሠራር መንጃ ፈቃድ በደረጃ ይቆጠር ነበር፤ አምስተኛ ማለት ተሳቢ ያለውን ከባድ መኪና የሚያስነዳው እርከን ነው። ያ አቆጣጠር በአዋጅ ቁጥር 600/2000 ቀርቶ ምድቦቹ በተሽከርካሪው ዓይነት ተሰየሙ። ከአሥር ዓመት በኋላ ደግሞ አዋጅ ቁጥር 1074/2010 ያንን ተካ። ስለዚህ ዛሬ የምንነጋገረው አውቶሞቢል፣ ሕዝብ፣ ደረቅ፣ ፈሳሽ እያልን ነው፤ ሕዝቡና ጭነቱ በየውስጣቸው ደግሞ እርከን አላቸው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። መንጃ ፈቃድ የሰውየውን ጉብዝና የሚመሰክር ወረቀት ይመስለዋል። «ሃያ ዓመት ነድቻለሁ፣ ምን ያቅተኛል?» ይላል። ወረቀቱ ግን የሚናገረው ሰውየው ከየትኛው ተሽከርካሪ ጋር እንደተፈተነ ነው። በአውቶሞቢል የተፈተነ ሰው ወደ ኋላ ሲሄድ መሪውን ወደሚፈልገው አቅጣጫ ማዞርን ተምሯል። ተሳቢ ሲኖር ግን ነገሩ ይገለበጣል፦ ተሳቢው ወደ ግራ እንዲሄድ መሪው መጀመሪያ ወደ ቀኝ ይዞራል። ይህን ያልተለማመደ ሰው ጠባብ መንገድ ላይ ተሳቢውን ከመኪናው ጋር አጣጥፎ ይቀራል። ከባድ ተሳቢ የራሱ እርከን የሚጠይቀው ባለሥልጣን ሹፌርን ማስቸገር ስለወደደ አይደለም።

ከመንጃ ፈቃዱ ቀጥሎ የፒክአፗን ሊብሬ እናውጣ። ሊብሬው የተሽከርካሪውን ዓይነትና የመጫን አቅም ይናገራል። ከዚያ ሦስተኛው ወረቀት ይመጣል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠፋውም እሱ ነው፦ የተሳቢው የራሱ ወረቀት። የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 ተሳቢን እንደ ጋሪ አይተወውም። ከባድ መኪና መንገድ ላይ ሲያልፍዎ ልብ ብለው ይዩ፤ የጎታቹ ታርጋ ሌላ ነው፣ የተሳቢው ታርጋ ሌላ። የአደጋ ዜና ላይም «ከነተሳቢው» ተብሎ ሁለት የሰሌዳ ቁጥር ይነገራል። ብየዳ ቤት ተሠርቶ ሳይመረመርና ሳይመዘገብ የወጣ ተሳቢ፣ ባዶውን ቢሆን እንኳ፣ አስፋልት ላይ መታየት የለበትም። የልጁ ተሳቢ ገና ከዚህ ላይ ነበር የወደቀው።

ስለዚህ ተሳቢ ለማሠራት ካሰቡ፣ ብረቱ ከመቆረጡ በፊት መንጃ ፈቃድዎንና ሊብሬዎን ይዘው አካባቢዎ ወዳለው የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ይሂዱ። «ይቻላል ወይ?» ብለው ብቻ አይጠይቁ። «በዚህ ምድብ፣ በዚህች መኪና፣ ይህን ያህል ኪሎ የሚመዝን ተሳቢ መጎተት እችላለሁ? በየትኛው አንቀጽ?» ብለው ይጠይቁ። አንቀጹን ጠቅሶ የሚመልስልዎ ሰው ሲያገኙ ቁጥሩን ጽፈው ይያዙ። ለብየዳው የሚወጣው ብር ቀላል አይደለም፤ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ አይሆንም ከመባል አንድ ጠዋት ማቃጠል ይሻላል።

ከባሕር ማዶ የሚመጣ ቁጥር

ዘመድዎ አሜሪካ ከባድ መኪና የሚነዳ ከሆነ «ሲዲኤል» የሚለውን ቃል ሰምተዋል። እዚያ የንግድ መንጃ ፈቃድ የሚያስፈልገው ጎታቹና ተሳቢው ተደምረው የተፈቀደላቸው ክብደት 26,001 ፓውንድ ሲደርስና የተሳቢው ብቻ ከ10,000 ፓውንድ ሲያልፍ ነው። በእኛ ልኬት የመጀመሪያው 11,794 ኪሎ፣ ሁለተኛው 4,536 ኪሎ ይሆናል። ከዚያ በታች በተራ መንጃ ፈቃድ ይጎተታል። ለዕረፍት የመጣ ዘመድ ይህን ቁጥር በቅንነት ሲናገር ሰምቼ ልቤ ደንግጧል፤ ምክንያቱም የሚያስበው ሰፊ መንገድ ላይ ስለሚሄድ፣ ፍሬን ስላለውና ከፋብሪካ ስለወጣ ተሳቢ ነው።

አውሮፓ ጠበቅ ይላል። የተለመደው የመኪና ምድብ እስከ 3,500 ኪሎ የተፈቀደ ክብደት ያለውን ተሽከርካሪ ያስነዳል፤ ከኋላው እስከ 750 ኪሎ ተሳቢ ማያያዝ ይቻላል። ተሳቢው ከ750 ካለፈ ሁለቱ ተደምረው ከ3,500 እንዳይዘልሉ ይጠየቃል፤ ከዚያ በላይ ተጨማሪ ሥልጠና ወይም ፈተና አለ። እንግሊዝ ከታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ወዲህ ሕጉን አላልታ መኪና የሚነዳ ሁሉ እስከ 3,500 ኪሎ ተሳቢ እንዲጎትት ፈቅዳለች፤ መኪናው ራሱ በፋብሪካው የተሰጠውን ወሰን ግን ማንም አላነሳም።

እነዚህ የእኛ ሕግ አይደሉም፤ ጂንካ ኬላ ላይ የቆመ ትራፊክ ፖሊስ ስለ ለንደን አይጠይቅዎትም። ያመጣኋቸው ለአንዲት ቁጥር ነው፦ 750። ብዙ የመኪና ፋብሪካዎች ፍሬን ለሌለው ተሳቢ የሚያስቀምጡት ጣሪያ 750 ኪሎ ነው። 3,500 ኪሎ ይጎትታሉ እየተባሉ የሚሸጡት ሃይሉክስና ላንድ ክሩዘር እንኳ ያን ያህል የሚጎትቱት ተሳቢው የራሱ ፍሬን ሲኖረው ነው። ፍሬኑ ከሌለ አቅማቸው ወደዚያችው 750 ይወርዳል። ሞተሩ አልተለወጠም፣ ሻንሲው አልተለወጠም። የተለወጠው ማን ያቆማል የሚለው ብቻ ነው።

በከረጢት ላይ የተሠራ ሂሳብ

አራት ክብደቶችን ለይተን እንወቅ። አንደኛው የመኪናው ባዶ ክብደት ነው። ሁለተኛው ከነጭነቱና ከነሰዉ እንዳያልፈው የተወሰነለት ጠቅላላ ክብደት። ሦስተኛው የተሳቢው ክብደት ከነጭነቱ። አራተኛው ብዙዎች የማያስቡት ሲሆን ተሳቢው በዘንጉ በኩል የመኪናውን ጋንቾ ወደ ታች የሚጫነው ጫና ነው፤ ይህ ጫና የሚቆጠረው በመኪናዋ ላይ እንደተጫነ ዕቃ ነው።

የልጁን እንሥራ። ተሳቢው ባዶውን 380 ኪሎ ያህል ነው፤ ብየዳ ቤቱ የገዛውን ብረት በኪሎ ስለሚያውቀው ከአክስሉና ከጎማው ጋር ደምረን አገኘነው። ሮቶው ራሱ 30 ኪሎ ገደማ። ውሃ ሲሆን ሂሳቡ ቀላል ነው፤ አንድ ሊትር አንድ ኪሎ፣ ስለዚህ 1,000 ኪሎ። ሲሚንቶ በከረጢት 50 ኪሎ፣ አራቱ 200። ድምሩ 1,610 ኪሎ መጣ። ፍሬን የሌለው ተሳቢ ከሚሸከመው 750 ጋር ሲተያይ ከእጥፍ በላይ ነው።

ፒክአፗ ባዶዋን 1,850 ኪሎ ትመዝናለች፤ የተፈቀደላት ጠቅላላ ክብደት 2,800 ነው። ሰውም ዕቃም ተደምሮ የቀራት 950 ኪሎ ብቻ ነው ማለት ነው። ስድስት ኩንታል በቆሎ 600 ኪሎ። ሦስት ሰው 210 ብንል። 200 ሊትር ናፍጣ ከውሃ ቀለል ስለሚል ከነበርሜሉ 190 ኪሎ ገደማ። ገና ጋንቾው ሳይቆጠር 1,000 ኪሎ ደረስን። ጭነቱ በወጉ ተደርድሮ ጋንቾው ላይ የሚያርፈውን ጫና የተሳቢውን ክብደት አሥር ከመቶ ብናደርገው 160 ኪሎ ይጨመራል። ልጁ «ገና ኩንታል ትችላለች» ያላት መኪና ከተፈቀደላት 210 ኪሎ አልፋለች።

አሁን ሁሉንም እንደምር፦ 1,850፣ 1,000፣ 1,610። ድምሩ 4,460 ኪሎ ነው። አራት ቶን ተኩል ሊሞላ ትንሽ የቀረው፣ ለ2,800 ኪሎ በተሠራ ፍሬን ቁልቁለት ሊወርድ የተዘጋጀ ጭነት። ከረጢቱ ላይ ይህን ቁጥር ሁለት ጊዜ አስምረንበታል።

እርስዎ የራስዎን ሲሠሩ ሚዛን የለም ብለው አይተዉት። የሞጆን የመሰሉ የሚዛን ጣቢያዎች የሚመለከቱት ከባድ መኪናዎችን ነው፤ የፒክአፕዎን ክብደት የሚመዝንልዎ ሰው መንገድ ላይ አያገኙም። ይሁን እንጂ በየእህል በረንዳው ሚዛን አለ፣ ኩንታል መቶ ኪሎ መሆኑን ልጅም ያውቀዋል፣ ጀሪካን 20 ሊትር ነው። ከብት ከጫኑ ደግሞ የደረሰ በሬ ከ250 እስከ 300 ኪሎ ሊመዝን ስለሚችል ሁለቱ ብቻ እስከ ስድስት ኩንታል ይሆናሉ። በሬ ደግሞ እንደ ኩንታል አርፎ አይቀመጥም።

ጭነቱ የት ነው የተቀመጠው?

ክብደቱ ልክ ሆኖ አቀማመጡ ሲበላሽ ያው ነው። ልጁ ሲሚንቶውን የደረደረው ከሮቶው ኋላ፣ ከአክስሉ ጀርባ ነበር። እንዲህ ሲሆን የተሳቢው አፍንጫ ወደ ላይ ይነሣል፤ ጋንቾው የፒክአፗን ጅራት ያነሣዋል፤ የኋላ ጎማዎቿ መሬቱን መያዝ ይተዋሉ። ከዚያ ፍጥነት ሲጨመር ተሳቢው እንደ ውሻ ጅራት ግራና ቀኝ ይወዛወዛል። የመጀመሪያው ወዝዋዜ ትንሽ ነው፣ ሁለተኛው ይበልጣል፣ ሦስተኛው ላይ መሪው የእርስዎ አይደለም። ከባዱ ዕቃ ከአክስሉ በላይና ትንሽ ወደፊት ይሁን። ወዝዋዜ ከጀመረ ፍሬን አይርገጡ፤ እግርዎን ከነዳጁ ላይ ቀስ ብለው ያንሡ፣ መሪውን አጥብቀው ቀጥ አድርገው ይያዙ።

ስለ ውሃ ለብቻው መናገር አለብኝ፤ በደቡብ ኦሞ ቆላ በብዛት የሚጎተተው ውሃ ነውና። የሞላ ሮቶ ከባድ ነው፣ ግን እንደ ድንጋይ ይቀመጣል። ግማሽ የሆነ ሮቶ ቀለል ይላል፣ ግን በሕይወት ያለ ነገር ነው። ፍሬን ሲይዙ ውሃው ወደፊት ይወረወራል፣ መኪናው ሊቆም ሲል ከኋላ ይገፋዋል። ኩርባ ላይ ወደ ውጭ ይሄዳል፣ ሊገለበጥ ጫፍ ላይ ያለውን ተሳቢ እሱ ይጨርሰዋል። የቦቴ በርሜል ውስጡ በግድግዳ የሚከፋፈለው ለዚህ ነው። ሕጋችን ፈሳሽ ጭነትን ከደረቁ ለይቶ የራሱ ምድብ መስጠቱም ለእኔ ፍጹም ትክክል ነው። ሮቶ ቤት ጣሪያ ላይ እንዲቀመጥ የተሠራ ዕቃ ነው። ውሃ በትንሽ ተሳቢ ማጓጓዝ ግድ ከሆነ በጀሪካን ይሁን፤ እያንዳንዱ ጀሪካን ለውሃው ግድግዳ ይሆንለታል።

ከቀይ አፈር እስከ ወይጦ

የእኛ አገር መንገድ የሚፈትነው ቁልቁለት ላይ ነው። ከጂንካ ተነሥተው ቀይ አፈርን አልፈው ወደ ወይጦ ሸለቆ የሚወርዱ ሰዎች ያውቁታል፤ ነፋሱ ከቀዝቃዛ ወደ ሙቅ ሲለወጥ በመስኮት ይሰማል። ከጂንካ ወደ ማጎ ፓርክ የሚወስደውም ቁልቁለት ቀላል አይደለም።

እስቲ የከረጢቱን ቁጥር ይዘን 1,000 ሜትር ከፍታ እንውረድ። ከባድ ነገር ከከፍታ ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት የሆነ ቦታ መግባት አለበት፤ ፍሬን ይዘን ከወረድን የሚገባው ወደ ሙቀት ነው። 4,460 ኪሎ አንድ ሺህ ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት ወደ 130 ሊትር ውሃ ከ20 ዲግሪ አንሥቶ እስከ 100 ዲግሪ የሚያደርስ ነው። ስድስት ጀሪካን ተኩል የሚፈላ ውሃ! ይህ ሁሉ ሙቀት በአራት ጎማ ፍሬን ውስጥ ሲያልፍ መጀመሪያ የሚቃጠል ሽታ ይመጣል። ቀጥሎ የፍሬኑ ዘይት ይፈላል፤ የፈላ ዘይት ትነት ይሠራል፤ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ሰተት ብሎ ይገባል። ሹፌሩ «ፍሬን በጠሰ» ይላል። ምንም የተበጠሰ ነገር የለም፤ ፍሬኑ ከአቅሙ በላይ ተሠርቶበት ነው።

መድኃኒቱ ማርሽ ነው። በወጡበት ማርሽ ይውረዱ፤ ከዚያም ዝቅ ያለውን ቢመርጡ ጥሩ ነው። ማርሹን የሚለውጡት ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ነው፣ መሐል ላይ አይደለም። ፍሬኑን ይያዙና ይልቀቁ፣ ይያዙና ይልቀቁ፤ እግርዎን አስደግፈው አይውረዱ። ሽታ ከመጣ ቆመው ያቀዝቅዙ። ሲቆሙ ጎማው ላይ ድንጋይ ያድርጉ፣ ሲነሡ ደግሞ ድንጋዩን ከመንገዱ ያንሡ። የሰው ድንጋይ ስንቱን ሞተረኛ አስፋልት ላይ እንዳስቀረ ያየ ሰው ይህን አይረሳም።

ሜዳ ላይስ? በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ስንነዳ አንዲት ሰከንድ ብቻ ብንዘገይ 17 ሜትር ሄደናል። በደህና ፍሬንና በደረቅ አስፋልት መኪናዋ ብቻዋን ለመቆም ሌላ 20 ሜትር ያህል ትፈልጋለች። ፍሬኑ ያው ሆኖ ክብደቱ ከ2,800 ወደ 4,460 ሲያድግ 20ው ወደ 32 ሜትር ይሄዳል። አሥራ ሁለት ሜትር ተጨመረ። ቀይ አፈር አካባቢ የበና ልጆች በረጃጅም እንጨት ላይ ቆመው መንገድ ዳር ይጠብቃሉ፤ ፍየል ከቁጥቋጦ ውስጥ ዱብ ይላል፤ የሐመር ከብት መንገዱን ሞልቶ ይሻገራል። እዚያ አገር አሥራ ሁለት ሜትር ውስጥ ሁልጊዜ የሆነ ነፍስ አለ።

የተበላሸ መኪና መጎተት

ተሳቢ ባይኖርዎትም አንድ ቀን መጎተትዎ አይቀርም። ቱርሚ አጠገብ ካስኬ ወንዝ አሸዋው ላይ የተቀረቀረ፣ ዝናብ ሲጥል ጭቃ ውስጥ የሰመጠ፣ ሞተሩ የጠፋበት። በደቡብ ኦሞ መንገድ ላይ የቆመን ሰው አልፎ መሄድ ነውር ነው፤ ይህ ደግ ልማድ እንዲቀጥል እመኛለሁ። ደግነቱ ሰው እንዳይጎዳ ግን ጥቂት ነገር ይወቁ።

ከተቀረቀረበት ማውጣትና መንገድ ላይ መጎተት ለየቅል ናቸው። ማውጣት የጥቂት ሜትር ሥራ ነው። ገመዱን የተሳቢ መያዣዋ ኳስ ላይ ፈጽሞ አያስሩ፤ ኳሷ ተበጥሳ ስትወረወር ሰው ትገድላለች። ከሻንሲው ጋር የተያያዘውን ጋንቾ ይፈልጉ። ፓራውልት ላይ የታሰረ ገመድ ፓራውልቱን ብቻ ይዞ ይመጣል። ገመዱ መሐል ላይ እርጥብ ጆንያ ወይም ብርድ ልብስ ጣል ያድርጉበት፤ ቢበጠስ መወንጨፉን ይቀንሳል። የተሰበሰበው ሰው፣ በተለይ ልጆች፣ ከገመዱ ርዝመት በላይ ይራቁ። ይህን ሳያደርጉ ሞተር አይነሣ። ሁልጊዜ ከመኪናው ይበልጥ የሚያሳስበኝ «እንግፋ» ብሎ ገመዱን ተሻግሮ የሚቆመው ሕዝብ ነው።

ከዚያ በኋላ እስከ ጋራዥ በገመድ መጎተት ይመጣል። የሚጎተተው መኪና ላይ የሚቀመጠው ሰው መንጃ ፈቃድ ያለው፣ ያልጠጣ፣ እንቅልፍ ያልያዘው ይሁን። ቁልፉ ይከፈት፣ አለዚያ መሪው ይቆለፋል። ሞተሩ ስለማይሠራ ፍሬኑ ሁለት ሦስት ጊዜ ከተረገጠ በኋላ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል፤ መሪውም ይከብዳል። ይህን አስቀድመው ይንገሩት። ገመዱ ላይ ቀይ ጨርቅ ይታሰር። ፍጥነት ከእግረኛ ሩጫ ብዙ አይለፍ። ሌሊት አይጎትቱ። ካምቢዮው አውቶማቲክ ከሆነ የሚያንቀሳቅሱት ጎማዎች መሬት እየነኩ አይጎተት፤ ጥቂት ኪሎ ሜትር ካምቢዮውን ይጨርሰዋል። ፍሬኑ የተበላሸ መኪና ደግሞ በገመድ ፈጽሞ አይጎተትም። በጭነት መኪና ላይ ወጥቶ ይሄዳል።

ጥፋት ሲደርስ

የተሽከርካሪ የሦስተኛ ወገን መድን በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ ነው። የተመዘገበ ተሳቢ በዚህ ውስጥ ይገባል፤ ብየዳ ቤት የተወለደው ግን ለመድን ሰጪው የለም ማለት ነው። ለራስዎ መኪና የሚገቡት ውል ላይ ደግሞ ብዙውን ጊዜ «ለተሽከርካሪው ተገቢ መንጃ ፈቃድ በሌለው ሰው ሲነዳ አይሸፍንም»፣ «ከተፈቀደው ክብደት በላይ ሲጫን አይሸፍንም» የሚሉ ሐረጎች አሉ። ውልዎን ቤትዎ ቁጭ ብለው ያንብቡት፤ በአደጋው ማግስት የሚነበብ ውል ሁልጊዜ መራራ ነው።

ባለ መኪናዎች ሆይ፣ ይህ እናንተንም ይነካል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2081 የተሽከርካሪ ባለቤት ተሽከርካሪው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፤ እንዲነዳው ያልፈቀደለት ሰው ሲነዳው እንኳ። «እኔ አልነበርኩም፣ ልጁ ነው የጫነው» ማለት አያድንም። ልጁን ከነፒክአፗ የላኩት ባለቤት ጂንካ አልነበሩም። ከረጢቱ ላይ ያለውን ቁጥር በስልክ ሲያነብላቸው መጀመሪያ ተቆጡ። ከዚያ «4,460?» ብለው ደግመው ጠየቁት።

ተሳቢው ከጋንቾው ወረደ። ብየዳ ቤቱ ጥግ ላይ ድንጋይ ተደግፎ ቆመ፤ ሰኞ ወደ ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ይሄዱና ፍሬን አስገጥመው እንዲመረመር ማድረግ ይቻል እንደሆነ ይጠይቃሉ። በማግሥቱ ቅዳሜ የዲመካ ገበያ ነበርና ወደዚያ የሚሄድ ኢሱዙ ተገኘ፤ ሹፌሩ ደረቅ ጭነት የሚነዳበት ፈቃድ አለው፣ የመኪናውም ጭነት ገና አልሞላም። ሲሚንቶውና ናፍጣው ወደ እሱ ተዛወረ። በቆሎው ፒክአፗ ላይ ቀረ።

የቀረው ውሃው ነበር። ልጁ የሮቶውን ቧንቧ ይዞ «ልድፋው?» አለኝ። ከብየዳ ቤቱ ጀርባ ያሉ ሴቶች ግን ወሬው ቀድሟቸው ቢጫ ጀሪካኖቻቸውን ይዘው ተሰልፈው ነበር። ሲመሽ ቆጠርን፦ ሃምሳ ጀሪካን ሞልቶ ሄደ።